ሦስት ፍየል፣ ሁለት ሰው፣ አንድ አሮጌ ሞተር

ከዱብሉቅ ገበያ ወጣ ብላ ካለች ግራር ሥር ነጋዴውና ሞተረኛው ሲከራከሩ ሦስተኛዋ ፍየል ሞታ ነበር። ሆዷ በግራ በኩል እንደ ከበሮ ተነፍቷል። እግሮቿ ገና በናይለን ገመድ እንደታሰሩ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ተፈትተው ቆመዋል፤ አንዷ የኋላ እግሯን ከመሬት አንስታ ይዛለች።

«ጋሼ፣ እኔ ሁለት ነው ያልኩት። ሦስተኛዋን የጨመሯት እርስዎ ነዎት» ይላል ሞተረኛው።

«ስትነሳ ደህና ነበረች። ጉድጓድ ውስጥ የከተትከን አንተ ነህ» ይላሉ ነጋዴው።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከመንደሩ እስከ ገበያው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በኮረኮንችና በአሸዋ መጥተዋል። ሞተሩ ሰባት ዓመት ያገለገለ፣ ከሁለተኛ እጅ የተገዛ ቦክሰር ነው። ሞተረኛው ፊት፣ ነጋዴው ከኋላው፣ ሦስቱ ፍየሎች ደግሞ ከነጋዴው ኋላ በፌሮ ብረት ተበይዶ በረዘመው የዕቃ መጫኛ ላይ ተጋድመው ነበር። ወደ መጨረሻው አካባቢ የፊት ጎማው ጉድጓድ ሲገባ መሪው ከሞተረኛው እጅ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም። ማንም አልወደቀም። የወደቀው ዋጋው ነው።

እንዲህ ያለ ክርክር ከያቤሎ እስከ ሞያሌ፣ ከድንበሩ ማዶም በሶሎሎና በማርሳቢት፣ ከዶሎ አዶ እስከ ማንዴራ ባሉ ገበያዎች ለሚውል ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ሞተር የቁም እንስሳት ንግድ የመጀመሪያው ሰንሰለት ከሆነ ቆይቷል። አይሱዙውና ትልቁ የጭነት መኪና አስፋልቱን ይዘው ይሄዳሉ፤ ፍየሏ ያለችው ግን ከአስፋልቱ ርቃ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ቦረና ውስጥ ብዙ ከብት አልቋል። ከብቱን ያጣ ቤተሰብ የሚሸጠው አንድ ወይም ሁለት ፍየል ነው፤ የሚሸጠውም ዱቄት ወይም መድኃኒት ሲያስፈልገው ነው። ለሁለት ፍየል መኪና አይመጣም። ሞተር ይመጣል።

ከኬንያ በኩል ያሉ ሞተረኞች የሚጠሩበት «ቦዳ ቦዳ» የሚለው ስም ራሱ የድንበር ስም መሆኑን ብዙ ነጋዴ አያውቅም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር በቡሲያ በኩል በሁለቱ ኬላዎች መካከል ያለውን መንገድ ሰው በብስክሌት የሚያሻግሩ ወጣቶች «ቦርደር፣ ቦርደር» እያሉ ይጣሩ ነበር፤ ቃሉ ከዚያ መጣ። ሥራው ከመነሻው የድንበር ነጋዴ ሥራ ነው።

ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር

በዚያ ጠዋት ሞተሩ የተሸከመውን እንደምር። ሞተረኛው 65 ኪሎ፣ ነጋዴው 70 ኪሎ፣ ሦስቱ ፍየሎች እያንዳንዳቸው 30 ኪሎ ያህል። ጠቅላላው 225 ኪሎ ግራም ነው። እንደ ቦክሰር ያሉ ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑ ሞተሮች እንዲሸከሙ ፋብሪካቸው የሚፈቅደው፣ ሾፌሩን ጨምሮ፣ ባብዛኛው ከ130 እስከ 150 ኪሎ ግራም ባለው መካከል ነው። ትክክለኛው ቁጥር ከሞተሩ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ ተጽፏል። ከሁለተኛ እጅ የተገዛ ሞተር ግን መመሪያ ይዞ አይመጣም።

መመሪያ ባይኖርም ጎማው ራሱ ይናገራል። በእነዚህ ሞተሮች የኋላ ጎማ ጎን ላይ 3.00-17 የሚል መጠን ይነበባል፤ ከአጠገቡ ሌላ ቁጥር አለ። ቁጥሩ 50 ከሆነ ጎማው በሚገባ ተነፍቶ የሚችለው 190 ኪሎ ግራም ነው ማለት ነው። በፊተኛው 2.75-17 ጎማ ላይ 41 የሚል ካለ 145 ኪሎ ነው። ኪሎ ግራሙ በቀጥታ ስላልተጻፈ እንጂ ይህን ቁጥር ያላየ ሞተረኛ የለም።

አሁን ወደ ኋላው ጎማ። ሞተሩ ራሱ 115 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ 60ው ኋላ ላይ ያርፋል። ከሞተረኛው ክብደት 40 ኪሎ፣ ከነጋዴው 65 ኪሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ነጋዴው የሚቀመጡት የኋላው ጎማ አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል። የፍየሎቹ ግን ከዚህ ይለያል። በፌሮ የረዘመው መጫኛ ከኋላው ጎማ መሐል አልፎ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተዘርግቷል። እንደ ሚዛን ማለት ነው፦ ከመሐሉ ወዲያ የተጫነ ነገር ኋላውን ሲጫን ፊቱን ያነሳል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ከ25 ነውና 90 ኪሎ ፍየል የኋላውን ጎማ በ108 ኪሎ ይጫነዋል፤ የፊቱን ደግሞ በ18 ኪሎ ያቀለዋል። ሲደመር ኋላው ላይ ያረፈው 273 ኪሎ ግራም ነው። 190 ለሚችል ጎማ።

ፊቱስ? ሞተረኛው ብቻውን ሲነዳ ከጠቅላላው ክብደት 44 በመቶ ያህሉ ፊተኛው ጎማ ላይ ነው። በዚያ ጠዋት 20 በመቶ ነበር። መሪው እንደ ላባ የሚቀለው፣ ጉድጓድ ሲያገኝም የሚያመልጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሞተረኛው ጉድጓዱን ያላየ ሊሆን ይችላል፤ ቢያየውም ግን መሪው መሬት ስላልያዘለት በቀላሉ አያዞረውም ነበር።

ስሌቱ የሚያስገርመው ነጋዴው ቢወርዱ የሚሆነው ነው። ነጋዴው ባይኖሩ ሁለት ፍየል በእርሳቸው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የረዘመው ፌሮ አያስፈልግም። የኋላው ጎማ 154 ኪሎ ይይዛል፣ ጠቅላላ ጭነቱም 125 ኪሎ ይሆናል። ሁለቱም ከገደቡ በታች ናቸው። ፍየል ሳይኖር ነጋዴው ብቻ ቢሳፈሩ ኋላው 165፣ ጠቅላላው 135 ይሆናል፤ ጠበብ ቢልም ያስኬዳል። ነጋዴውና አንዲት ፍየል ከኋላ ሲሆኑ ግን ጎማው 201 ላይ ይደርሳል። ለዚህ ዓይነት ሞተር ምርጫው ወይ ባለቤቱ ወይ ፍየሎቹ ነው፤ ሁለቱም አንድ ላይ አይሆንም።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። የኬንያ የትራፊክ ሕግ በሞተር ላይ ከሾፌሩ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ይፈቅዳል፤ ሁለቱም ሄልሜትና የሚያንጸባርቅ ሰደርያ እንዲለብሱ ያዝዛል። ወደ ገበያ በሚወስዱት የገጠር መንገዶች ግን ፍየል አቅፎ ሄልሜት ያደረገ ተሳፋሪ ማየት ብርቅ ነው።

አሮጌ ሞተር የት ይከዳል

አዲስ ሞተር ከአቅሙ በላይ ሲጫን ይቋቋማል፣ እያደር ይከፍላል። አሮጌው ግን የቀረው መጠባበቂያ ትንሽ ነው፤ የሚከዳባቸው ቦታዎችም የታወቁ ናቸው።

መጀመሪያ የሚታየው የኋላው ሞላ ነው። ዘይቱ ያለቀበት ሞላ ጭነት ሲያገኝ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ድንጋይ በቀጥታ ወደ ሻንሲው፣ ወደ ተሳፋሪው ወገብና ወደ ፍየሏ ሆድ ያልፋል። ብዙዎቹ ሞተሮች ሞላውን የሚያጠነክር ጥርስ አላቸው፤ ለብቻ ከተነዳበት ወደ ጭነቱ መጠን ማዞር ሁለት ደቂቃ አይወስድም። ከሞያሌ እስከ ዱብሉቅ ባለው መንገድ ይህን ጥርስ ለዓመታት ያልነካ ሞተረኛ ሞልቷል።

ካቴናው የሚበጠሰው በሌላ ምክንያት ነው። ባዶ ሞተር ላይ ሲታይ ረገብ ያለ ስለሚመስል ሞተረኛው ያጠብቀዋል። ሞተሩ ሲጫን የኋላው ጎማ ወደ ላይ ይወጣና ካቴናው ይበልጥ ይወጠራል። በባዶው ጥብቅ የነበረው በጭነት ጊዜ እንደ ክር ይሆናል፤ ወይ ይበጠሳል፣ ወይ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይበላል። መሐሉ ላይ በጣት ሲገፋ ሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር መላላት አለበት፤ ይህም የሚለካው ሰው ተቀምጦበት ቢሆን ይሻላል።

የቸርኬው ሽቦዎች የሚፈተሹት በጆሮ ነው። በቁልፍ መታ መታ ሲደረጉ ጥብቁ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል፣ የላላው ዝም ይላል። አንድ ሽቦ ሲላላ ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ያልፋል፤ ሦስት ከተበጠሱ ቸርኬው መጣመም ይጀምራል። ሞተረኞች ይህን ያውቁታል። የሚዘነጋው በወንበሩ ሥር የዕቃ መጫኛው ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ብየዳ ነው። ቀለሙ የተሰነጠቀበት ካለ ብረቱም ተሰንጥቋል።

ነፋሱን በተመለከተ በአሸዋ ላይ የሚነዱ ሰዎች ጎማ ማላላት ለምደዋል። ብቻውን ለሚነዳ ሰው ያዋጣዋል። ለተጫነ ሞተር ግን ተቃራኒው ነው፤ የላላ ጎማ ድንጋይ ሲያገኝ ካላማዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተጨፍልቆ እንደ እባብ ንክሻ ሁለት ቀዳዳ ይወጣበታል። ቦክሰርን ለመሰሉ ሞተሮች የኋላው ጎማ ለብቻ ሲነዱ 28፣ ተሳፋሪ ሲኖር 32 ፒኤስአይ ይነፋል። መሙያ ያለው ጎሚስታ ደግሞ መለኪያውን ቢያሳይ ጥሩ ነው፤ በጣት ተጭኖ «በቂ ነው» ማለት ስሌት አይደለም።

የፍሬን ብልሽት ሰው ይገድላል። ቦክሰርን በመሳሰሉ ብዙ ሞተሮች ላይ ያለው ፍሬን በታምቡር ውስጥ የሚሠራ ሸራ ነው። ሸራው ሲሞቅ ይሸሻል፤ ያለቀ ሸራ ደግሞ ቶሎ ይሞቃል። ወደ ሜጋ ባለው ኮረብታማ መንገድ ቁልቁል የሚወርድ የተጫነ ሞተር በፍሬን ብቻ ከተያዘ መጨረሻው ላይ የሚይዝ ነገር ላይኖረው ይችላል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ የድሮ ሾፌሮች ትምህርት ነው፤ ለሁለት እግር ጎማም ይሠራል። ፍጥነትም ከክብደት ይብሳል። ክብደት በእጥፍ ሲጨምር ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት በእጥፍ ይጨምራል፤ ፍጥነት ከ40 ወደ 60 ሲወጣ ግን ከእጥፍ በላይ፣ 2.25 ጊዜ ይሆናል። ገበያው ሳይበተን ለመድረስ የሚደረገው ጥድፊያ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው።

ሞተር ዘይትስ? በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር በጭነት፣ በአሸዋ፣ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ሲጓዝ ነፋስ አያገኝም፤ የሚያቀዘቅዘው ዘይቱ ብቻ ነው። የሚይዘውም አንድ ሊትር ገደማ ስለሆነ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ አሮጌ ሞተር ከዚህ ላይ ሩቡን ቢያቃጥል ብዙ ነው። በየጠዋቱ ይታያል።

ፍየሏ ለምን ሞተች

በጉድጓዱ አይደለም። ጉድጓዱ የአንዷን እግር ጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛዋን የገደላት አተኛኘቷ ነው።

የሚያመሰኳ እንስሳ ሆዱ ውስጥ ሁልጊዜ ጋዝ ይፈጠራል፤ በማግሳት ያስወጣዋል። በጎኑ ወይም በጀርባው ተጋድሞ እግሩ ሲታሰር ፈሳሹ የጉሮሮውን መግቢያ ይዘጋል፤ ጋዙም መውጫ ያጣል። ሆድ ይነፋል፣ ሳንባን ይጫናል። ሌሎች ሁለት ፍየሎች ከላይ ከተጋደሙባት ደግሞ መተንፈሻው ይብስ ይጠብባል። ጠዋት ጠግባ የበላች ወይም ከመነሳቷ በፊት ውኃ የጠገበች ከሆነች ደግሞ ጊዜው ያጥራል። «ስትነሳ ደህና ነበረች» የሚለው ትክክል ነው፤ እንዲህ ያለ ሞት ሁልጊዜ ደህና ከነበረች እንስሳ ነው የሚጀምረው።

በደረቷ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯ ከሥሯ ታጥፎ፣ ራሷ ቀና ብሎ የተጫነች ፍየል ማግሳት ትችላለች። ለዚህ ቀላሉ መንገድ ብዙ ሰው የሚያውቀው ጆንያ ነው፦ ፍየሏ እስከ አንገቷ ገብታ፣ አፉ ላላ ብሎ ታስሮ፣ ራሷ ውጭ ሆኖ። ከጆንያ የሚሻለው ከእንጨት ወይም ከቀጭን ብረት የተሠራ፣ በወንበሩ ላይ የሚታሰር ሳጥን ነው። ናይለን ገመድ እግር ላይ መዋል የለበትም፤ ሲወጠር ደም ያቆማል፣ ቆዳ ይቆርጣል። የቆዳ ነጋዴ ይህን ምልክት ከሩቅ ያውቀዋል፤ ማርሚታ የነካው ጭንንም እንደዚሁ። ማሰር ግድ ከሆነ ጨርቅ ይበጃል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ቆሞ ማየትም ያስፈልጋል።

የማይጫኑም አሉ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ደንብ በእርግዝናዋ የመጨረሻ አንድ አሥረኛ ላይ ያለች እንስሳ ለጉዞ ብቁ እንዳልሆነች ይደነግጋል። ፍየል 150 ቀን ያህል ስለምታረግዝ የመጨረሻዎቹ 15 ቀናት ማለት ነው። ለገዥ «ሁለት በአንድ ዋጋ» እየተባለች የምትሸጠው እርጉዝ ፍየል በሞተር ስትጓዝ አንዱም ላይደርስ ይችላል።

በሕይወት የደረሱትም ሙሉ አይደርሱም። የፈራ፣ የተንገላታ፣ ውኃ ያጣ እንስሳ ክብደት ይቀንሳል፤ በጡንቻው ያጠራቀመውን ስኳርም ይጨርሳል። ስኳሩ ባለቀበት ጊዜ የታረደ እንስሳ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይጠነክራል፣ ቶሎ ይበላሻል። በሞጆና በቢሾፍቱ ያሉ ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የሚያርዱ ቄራዎች የጠቆረ ሥጋ አይወዱም፤ ጥቁረቱ የሚታየው ከታረደ በኋላ ስለሆነ ግን ዋጋው የሚቀነሰው በሚቀጥለው ግዥ፣ ከሁሉም አቅራቢ ላይ ነው።

የሰባ ኪሎ አለመተማመን

ነጋዴው ለምን አብረው ተሳፈሩ? ሒሳቡን ያዩት በዚህ መንገድ ነው፦ ሞተሩ ለማንኛውም ይሄዳል፣ ተጨማሪ አይከፈልም። እንዲህ ያለ ሒሳብ ውስጡ ሲታይ የተለየ ነገር ይናገራል።

የአንድ ፍየል መግዣ 100 ይባል፤ ብርም ይሁን ሽልንግ የፈለጉትን ገንዘብ ይውሰዱ። የሞተር ኪራይ ለአንድ ጉዞ 6 ይሁን። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ ሁሉም የራሱን ያስገባ። በዚያ ጠዋት ሦስት ፍየል በ6፣ ለአንዷ 2 ወጣ። በሌላ በኩል አራት ፍየል በሁለት ሞተር፣ ሁለት ሁለት ሆነው ቢጫኑና ነጋዴው በሚኒባስ በ1 ቢመጡ ጠቅላላው 13፣ ለአንዷ 3.25 ነው። በአንዲት ፍየል 1.25 ተጨማሪ ወጪ ማለት ነው።

አሁን የሚድነውን እንይ። የተጨናነቀ ጉዞ ከቀናው ጉዞ በላይ 2 በመቶ ክብደት ቢያስቀንስ ለአንዷ 2 ነው። ከ40 ፍየል አንዷ ብትሞት ወይም እግሯ ተሰብሮ ለእርድ በርካሽ ብትሄድ፣ ለእያንዳንዷ እስከ 2.5 ይደርሳል። 1.25 ለማዳን 4.5 ይወጣል። ሞቱን ከ100 አንድ ብናደርገው እንኳ ኪሳራው 3 ነው። እውነቱን ለመናገር መንገዱ አጭርና ለስላሳ ሆኖ የክብደት ቅናሹ 1 በመቶ፣ ሞቱም ከ200 አንድ ከሆነ ነገሩ እኩል ለእኩል ይቀርባል፤ ሦስቱን በአንድ መጫን የሚያዋጣ ነጋዴ የለም ማለት አይቻልም። ይህ ግን ጎማውን፣ ሽቦውንና የሰው እግርን ሳይጨምር ነው።

ከመንደሩ ሚኒባስ ከሌለስ? ያኔ ነጋዴው ሦስተኛ ሞተር መያዝ አለባቸው። ወጪው 18፣ ለአንዷ 4.5 ይሆናል። ከመጀመሪያው 2 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 2.5 ነው፤ ትርፉ ይጠባል። እንግዲህ ጥያቄው ተመልሶ ወደ ነጋዴው ይመጣል። ለምን ይሄዳሉ?

የሚሄዱት ፍየሉ መንገድ ላይ እንዳይለወጥ፣ ደላላው ያለ እርሳቸው እንዳይሸጥ፣ ገንዘቡም በሌላ እጅ እንዳይገባ ነው። ሞተሩ ላይ ያለው 70 ኪሎ የሰው ክብደት ብቻ ሳይሆን አለመተማመንም ነው። እሱን ለማውረድ የሚረዱ ነገሮች ዛሬ ከድሮው የተሻሉ ናቸው። ፍየሏ ከመጫኗ በፊት በጆሮዋ ወይም በጀርባዋ ላይ ቀለም ተቀብታ፣ በስልክ ፎቶ ተነሥታ፣ ፎቶው ገበያ ላይ ለሚጠብቅ ዘመድ ይላካል። ገንዘቡ በቴሌብር ወይም በኤምፔሳ ይገባል። ኔትወርክ የሌለበት መንደር ብዙ ነው፤ ፎቶው ኔትወርክ እስኪገኝ ይቆያል፣ ቀለሙ ግን አይቆይም፣ ከፍየሏ ጋር ይሄዳል።

ከፍየሏ ጋር የሚሳፈር ሌላ

ሞተር የለወጠው ዋጋን ብቻ አይደለም። ቀድሞ በእግር የሚነዳ መንጋ ገበያ እስኪደርስ ቀናት ይወስድ ነበር። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ (ፒፒአር) ከያዛት አራት እስከ ስድስት ቀን ገደማ ምልክት ሳታሳይ ትቆያለች። በእግር ስትመጣ ታማ ወይም ወድቃ መንገድ ላይ ትታይ ነበር። በሞተር ግን ዛሬ ጠዋት ከተያዘው መንጋ ወጥታ፣ ዓይኗ ጥርት ብሎ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከመቶ ፍየል ጋር በአንድ በረት ትቆማለች። በሽታው ሲወጣ ያቺ በረት ተበትና ወደ ሞያሌ፣ ወደ ናይሮቢ መንገድ፣ ወደ አዳማ ሄዳለች። የፍየል ሳንባ በሽታም እንደዚሁ በትንፋሽ ቅርርብ ይተላለፋል።

የበሬ ደስታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ጠፍቷል ተብሎ ታውጇል፤ ፒፒአርን ደግሞ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ለማጥፋት አቅደዋል። ለነጋዴው ከዕቅዱ ይልቅ የሚጠቅመው አንድ ጥያቄ ነው፦ «መቼ ተከተበች?» አንድ ጊዜ በሚገባ የተሰጠ ክትባት ለዓመታት ይከላከላል። ያልታወቀ ከሆነ የተገዛችውን ፍየል ከሌሎቹ ለይቶ ሳምንት ያህል ማቆየት የማይቻል ይመስላል፤ ቢያንስ ከራስ ቤት መንጋ ጋር አለመቀላቀል ግን ይቻላል። ሞያሌ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ ሁለቱ አገሮች የእንስሳት ጤና ወረቀት በአንድ ቦታ እንዲያዩ ያስችላል፤ በጫካ መንገድ በሞተር የሚያልፍ እንስሳ ግን ወረቀት የለውም፣ ወረቀት የሌለውም ቄራ አይደርስም፣ ወይም ሲደርስ በርካሽ ነው። ጭነት የወረደበት ወንበርና ሳጥንም ከቀጣዩ መንደር በፊት በውኃና በሳሙና መታጠብ አለበት። ውኃ ካለ።

ማን ይከፍላል

ዱብሉቅ ላይ ክርክሩን የፈታው አንድ ሽማግሌ ነው። በገበያው ለረጅም ዓመታት የደለሉ ሰው ናቸው። ሁለቱንም አዳመጡ፣ የሞተችውን ፍየል ሆድ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ፣ ከዚያ ሞተሩን ዞረው አዩ፤ በፌሮ የረዘመውን መጫኛ በጣታቸው ነካ አደረጉና ዝም አሉ። ነጋዴው የሞተችውን እንዲሸከሙ፣ ሞተረኛው ኪራዩን እንዳይቀበል ወሰኑ። ሁለቱም ቅር ብሏቸው ተስማሙ።

የተሻለው መንገድ ከመነሳት በፊት መነጋገር ነው። ስንት ፍየል፣ በምን ሁኔታ፣ መንገድ ላይ ብትሞት የማን፣ ጎማ ቢፈነዳ የማን። ብዙ ቦታ ይህ በቃል እንኳ አይባልም፤ ሁሉም «እግዜር ያውቃል» ብሎ ይነሳል። የተነጋገሩ ሰዎች ሞተረኛው ሦስተኛዋን አልጭንም ሲል የሚደግፈው ነገር ይኖረዋል። በዚያ ጠዋት ሞተረኛው አንድ ጊዜ «ሁለት ነው» ብሎ ነበር። ነጋዴው ታላቁ ናቸው፣ ደንበኛውም ናቸው፤ ሁለተኛ ሊል አልደፈረም።

በሚቀጥለው ገበያ ነጋዴው በሚኒባስ መጡ። ሞተረኛው ከእርሳቸው ቀድሞ ደርሶ፣ ሁለት ፍየሎች ጆንያ ውስጥ አድርጎ፣ ራሳቸው በጆንያው አፍ ወጥቶ፣ በወንበሩ ላይ አስሮ አምጥቷል። በፌሮ የተበየደው መጫኛ ተቆርጧል። የኋላው ጎማ አዲስ ነው፤ የጎማውን ዋጋ ነጋዴው አበድረውታል፣ ከሚቀጥሉት አራት ጉዞዎች ይቆረጣል። ፍየሎቹ ሲወርዱ ቆመው ዞር ዞር አሉና ወዲያው ቅጠል መልቀም ጀመሩ። ነጋዴው መጀመሪያ የተመለከቱት ሆዳቸውን ነው፤ ከዚያ ሞተረኛውን «ሦስተኛዋስ?» አሉት።

«ነገ እመለስባታለሁ ጋሼ። ዋጋውን ግን እንነጋገራለን።»